የፖል አለን የጦር አውሮፕላኖች ባለቤታቸው ከሞተ በኋላ ምን ሆኑ?

ኤቨረት_ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ወሬያችን ሁሌ ድሪምላይነርና ኤርባስ ነው። ዛሬ እስቲ አሮጌዎቹን ላንሳ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳያምታታችሁ።

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ፔይን ፊልድን ታውቁታላችሁ። ቦይንግ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች የሚገጣጥምበት፣ ኤቨረት ያለው ሜዳ ነው። አየር መንገዳችን በ2012 የተረከበው የመጀመሪያው 787 የተሠራው እዚያ ነው። በዚያው ሜዳ ዳር ደግሞ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የቆሙባቸው ሃንጋሮች አሉ። የሰበሰባቸው ፖል አለን ነው፤ በ1975 ከቢል ጌትስ ጋር ማይክሮሶፍትን የመሠረተው ሰውዬ።

መሰብሰብ የጀመረው በ1998 ነው። በ2004 አርሊንግተን በምትባል ከተማ ለሕዝብ አሳያቸው፣ በ2008 ወደ ፔይን ፊልድ አመጣቸው። ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌ አውሮፕላን መግዛቱ ብርቅ አይደለም። የአለንን የሚለየው ጥንቃቄው ነው። ሌላው ሰብሳቢ ሞተሩ ካስቸገረው የተገኘውን ይገጥማል፣ ዋናው መብረሩ ነው ይላል። አለን ግን አውሮፕላኑ በተቻለ መጠን በጦርነቱ ጊዜ እንደነበረው እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ እንዲበር። ሁሌ አልተሳካለትም። የሩሲያው ኢል-2 ለምሳሌ ከአራት ስብርባሪዎች ተለቃቅሞ የተሠራ ነው፣ የሚበረውም በአሜሪካ አሊሰን ሞተር ነው።

አንዱን ብቻ በዝርዝር ልንገራችሁ። ፎከ ቮልፍ 190 ይባላል፣ የጀርመን ተዋጊ ነው። ጁላይ 19፣ 1943 ሌኒንግራድ አካባቢ ለግዳጅ ወጥቶ ሞተሩ ቀጥ አለ። አብራሪው ጫካ ውስጥ በሆዱ አሳረፈው፣ ወርዶ በእግሩ ሄደ፣ ተማረከ። አውሮፕላኑ እዚያው ቀረ። በዙሪያው የነበሩት ችግኞች አድገው ዛፍ ሆኑና ዋጡት። ከ40 ዓመት በላይ ዞር ብሎ ያየው የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገኘ፣ ከዚያ ከጫካው ወጣ። ሞተሩ ሲፈታታ የዘይት መስመሩ ውስጥ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ጨርቅ። መወልወያ ጨርቅ! ዘይቱን ያገደው እሱ ነው። ማን እንደከተተው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በግዳጅ የሚሠራ ሠራተኛ ሆን ብሎ አድርጎት ይሆናል የሚል ግምት አለ። ይኸው አውሮፕላን በዲሴምበር 2010 እንደገና ተነሳ፣ ያውም ድሮ በነበረው ዓይነት ሞተር፣ በቢኤምደብሊው 801።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሲያድነው፣ ያ ሰው ሲሞትስ? አለን ሞቷል። የሆነውን እጽፋለሁ፣ መጀመሪያ ግን የእናንተን ልስማ።

ቦሌ_ታወር፦

ምን ጥያቄ አለው? ወራሽ ይሸጠዋል። አባት ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ልጅ በአንድ ቅዳሜ ለቁራሌው ያስረክባል። አሜሪካም ያው ነው፣ ቁራሌው ሱፍ ይለብሳል እንጂ።

ኤቨረት_ሰፈር፦

ሃሃ፣ ቦሌ፣ ብዙም አልሳትክም። እንዲህ ሆነ።

አለን ኦክቶበር 15፣ 2018 በካንሰር ሞተ። 65 ዓመቱ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የኑዛዜው አስፈጻሚ እህቱ ጆዲ አለን ናት። ንብረቱ እየተሸጠ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንዲውል ነው ያለው። የሥዕል ስብስቡ በ2022 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የአውሮፕላን ሙዚየሙ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተዘጋ። ኮቪድ ሲረግብ ሌሎች ሙዚየሞች በራቸውን ከፈቱ፣ እሱ እንደተዘጋ ቀረ። አውሮፕላኖቹ ሃንጋር ውስጥ ቆሙ። ማን ይገዛቸዋል፣ አንድ ላይ ይቆያሉ ወይስ ይበተናሉ የሚለው ወሬ ሁለት ዓመት ሙሉ አለቀ አለቀ ሲባል ነበር።

ኤፕሪል 2022 ላይ ገዢ ተገኘ። ስቱዋርት ዋልተን ይባላል፣ የዋልማርት መሥራች የሳም ዋልተን የልጅ ልጅ። ራሱ አብራሪ ነው፣ አርካንሶ ውስጥ የአክሮባት አውሮፕላን የሚሠራ ኩባንያ መሥርቷል። ስብስቡን በእጁ አልያዘውም፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥር አደረገው። ሙዚየሙ በሜይ 2023 መጨረሻ እዚያው ፔይን ፊልድ ተከፈተ።

ደስ ይላል አይደል? እኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው። አውሮፕላኖቹን ያተረፋቸው ኑዛዜ አይደለም፣ ሕግም አይደለም። ሌላ አውሮፕላን የሚወድ ሀብታም መገኘቱ ነው። አለን የኮምፒውተር ሙዚየምም ነበረው፣ እዚሁ ሲያትል፤ የሚሠሩ የድሮ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ያሉበት። እሱም በ2020 ተዘጋ። ለሱ ግን ዋልተን አልተገኘለትም። በ2024 ለዘለቄታው መዘጋቱ ተነገረ፣ ዕቃውም ለጨረታ ወጣ። ባለቤቱ አንድ ሰው፣ ጥንቃቄው አንድ ዓይነት፣ የተለያየው ዕድል ነው።

ሳምሪ_ዳላስ፦

እኛም ጋ አለ ይሄ ነገር። አዲሰን አውሮፕላን ማረፊያ የካቫኖ ሙዚየም ነበረ፣ የአንድ ሰብሳቢ ነው። ጃንዋሪ 1፣ 2024 ተዘጋ። አውሮፕላኖቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዴኒሰን አካባቢ ሄዱ። ለከተማችን ልጆች ቅርብ የነበረ ቦታ ነው፣ ቀረ።

ግን እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ለምን ይበራሉ? ኖቬምበር 12፣ 2022 እዚሁ ዳላስ የአየር ትርኢት ላይ ቢ-17 ቦምብ ጣይ እና ኪንግኮብራ ተዋጊ አየር ላይ ተጋጩ። ስድስት ሰው አለቀ። ቪዲዮውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። በ2019 ደግሞ ኮነቲከት ውስጥ ሌላ ቢ-17 ተሳፋሪ ጭኖ ተነሳ፣ ሞተር ሲያስቸግረው ልመለስ ብሎ ማኮብኮቢያው ላይ ተከሰከሰ። ሰባት ሰው ሞተ። ቢ-17 የሚሠራ ፋብሪካ ከ1945 ወዲህ የለም። ሰውም አውሮፕላንም አብሮ ከሚጠፋ ቆሞ ቢታይ ምን ይጎድለዋል?

ቦሌ_ታወር፦

ሳምሪ እውነቷን ነው። ድምፁን ለመስማት ዩቲዩብ አለ።

የጥገና_ሰው፦

ልጄ ሳምሪ፣ የሞተ ሰው ባለበት ክርክር ማብዛት ደግ አይደለም፤ ነፍስ ይማር። ግን ስለ ማቆም አንድ ነገር ልበል። እኔ ደብረ ዘይት ጥገና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

የቆመ ሞተር እያረፈ አይምሰልሽ። ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረችው ቀጭን ሽፋን ትደርቃለች። እርጥበት ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። ጎማ ነክ የሆነ ሁሉ፣ ቱቦውም ማሸጊያውም፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አልሙኒየሙ ደግሞ እንደ ብረት ቀይ አይሆንም፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በጣትሽ ስትዳብሺው በሪቬቱ፣ ቆርቆሮውን በሚያያይዘው ምስማር፣ ዙሪያ ቆዳው አብጦ ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ ከውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ሙዚየም ገብቶ ሠላሳ ዓመት የቆመ አውሮፕላን ከፊት ሲያዩት ያምራል፤ ፓኔሉን ክፈቱት ብትያቸው ግን ይደነግጣሉ።

ሁለተኛው ሰው ነው። የሚበር አውሮፕላን ባለበት ቤት ሞተሩን በጆሮው የሚያውቅ መካኒክ አለ፣ ከሥሩም የሚማር ልጅ አለ። አይበርም ካልሽ መጀመሪያ የሚሰናበተው እሱ ነው። መጽሐፉ ይቀራል እንጂ እጁ አይቀርም።

ስለ ጨርቋ ደግሞ ሳቄ ነው የመጣው። እኛ ጨርቅ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ነበር የሚመለስ። አንዲት ከጎደለች አውሮፕላኑ አይነሳም። ፈረንጆቹ ያሠለጠኑን እንዲህ ነው፣ እኛም ያሠለጠንናቸውን እንዲሁ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ወንድም ያለው ይብረር፣ ያውም በጥቂቱ፣ ያለ ተሳፋሪ። የመጨረሻ የሆነው ግን መሬት ላይ ይቆይ።

ኤቨረት_ሰፈር፦

ጋሼ፣ ያሉት ነገር እዚያው ስብስብ ውስጥ ተደርጓል። ሌላ ፎከ ቮልፍ አለ፣ ዲ-13 የሚባለው ዓይነት። በዓለም የቀረው እሱ አንድ ብቻ ነው። እንዲበር አልተደረገም፣ ቆሞ ነው የሚታየው። ሌሎቹ፣ መንታ ያላቸው፣ በበጋ ይነሱ ነበር።

ሀብቴ_ክሊቭላንድ፦

ቢሊየነር፣ ቢሊየነር ትላላችሁ። እኛ ኦሃዮ አናጢ ነበረን!

ዋልተር ሶፕላታ ይባላል። የስደተኞች ልጅ፣ በአናጢነት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው። ኒውበሪ በሚባል ገጠር ያለው ግቢው በጦር አውሮፕላን ተሞላ። ከጦርነቱ በኋላ እነዚህ አውሮፕላኖች ብረታ ብረት ሻጮች ጋ እየተቆራረጡ ነበር። እሱ በቁርጥራጭ ዋጋ ይገዛል፣ በመንገድ ሊሄዱ በሚችሉበት መጠን ይፈታታቸዋል፣ በራሱ መኪና እየጎተተ ቤቱ ያመጣል። ልጆቹም አብረውት ይሠሩ ነበር። ሃንጋር የለውም። ዛፍ ሥር፣ ሣር ላይ ደረደራቸው። ሊገዙት ቢመጡ እሺ አይልም።

በ2010 ሞተ። ከግቢው የወጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤክስፒ-82 ይባላል፣ ሁለት ሙስታንግ (የአሜሪካ ተዋጊ) ጎን ለጎን የተጣበቀ የሚመስል፣ ለሙከራ የተሠራ አውሮፕላን። ቶም ራይሊ የሚባል የጥገና ባለሙያ ቁርጥራጩን ገዝቶ ጆርጂያ ወስዶ ከአሥር ዓመት በላይ ለፋበት። በ2018 የመጨረሻ ቀን ከመሬት ተነሳ። አናጢው ባያስቀምጠው ኖሮ በምን ይነሳ ነበር?

ሳምሪ_ዳላስ፦

ሀብቴ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ክረምት ከበጋ በረዶና ዝናብ ሲወርድበት የኖረ አውሮፕላን ዳነ ይባላል? ጋሼ አሁን ስለ ነጭ ዱቄት የነገሩን ምን ሊሆን ነው? መግዛት ለሚችል ሙዚየም ቢሸጥላቸው አይሻልም ነበር?

ሀብቴ_ክሊቭላንድ፦

ሳምሪዬ፣ በ1950ዎቹ የትኛው ሙዚየም ነው የሚገዛው? ማንም አይፈልጋቸውም ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አሪዞና ውስጥ ኪንግማን በሚባል በረሃ ላይ 5,500 ገደማ አውሮፕላኖች ተደርድረው ነበር። ከፋብሪካ ወጥተው በቀጥታ እዚያ የሄዱ ሁሉ ነበሩ። ሜዳው ላይ እቶን ተተከለ፣ እየተቆረጡ ገቡ፣ አልሙኒየም ጡብ ሆነው ወጡ። የአሜሪካ እናቶች ድስት ሆነው ያለቁም አይጠፉ። በ1946 የፊልም አብራሪው ፖል ማንትዝ ኦክላሆማ ላይ 475 የጦር አውሮፕላኖችን በ55,000 ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ቦምብ ጣዩም ተዋጊውም ተደምሮ! አንዱ መቶ ምናምን ዶላር ይደርሳል። እሱ እንኳ ለሥራው የሚሆኑትን ጥቂቶች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ለብረት ሸጠው።

ያን ጊዜ ምርጫው ሃንጋር ወይስ ሣር አልነበረም። ሣር ወይስ እቶን ነበር።

አቤል_ኮሎራዶ፦

ማዳኑ ራሱ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ኪ በርድ ስለሚባለው ቢ-29 ቦምብ ጣይ ሰምታችኋል? በ1947 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ተገዶ አረፈ። ሠራተኞቹ ተረፉ፣ አውሮፕላኑ ቀረ። ቅዝቃዜው ጠብቆ አቆየው። በ1994 ዳሪል ግሪናማየር የሚባል የታወቀ የእሽቅድምድም አብራሪ ቡድን ይዞ ሄደ። በረዶው ላይ አዲስ ሞተር ገጠሙለት፣ ፕሮፔለር ቀየሩ። ዋናው መካኒካቸው እዚያ ታሞ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ተመለሱ። በሜይ 1995 ሞተሮቹ ተነሱ፣ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጅራቱ ጋ የነበረች ትንሽ ጄኔሬተር ነዳጅ አፈሰሰች፣ እሳት ተነሳ። ነደደ። ሰዎቹ ወጡ።

48 ዓመት ማንም ሳይነካው ኖሮ፣ ሊያድኑት በሄዱ ሰዎች እጅ አለቀ።

ቦሌ_ታወር፦

ኧረ አቤል፣ ሌሊት ላይ ምን ታስነብበናለህ። ፍሎሪዳ ያለው አውሮፕላን ሰብሳቢ ከርሚት ዊክስስ? ማንንም አልነካም፣ ሰብስቦ አስቀመጠ። በኦገስት 1992 አንድሩ የሚባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ማያሚ ያለውን ሙዚየሙን ከነአውሮፕላኖቹ አተራመሰው። ሁሉንም አንድ ጣሪያ ሥር ማድረግም ጣጣ አለው።

መቅደስ_ሮማ፦

ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ልረብሽ ነው። እናንተ ስለ ሪቬትና ስለ ዘይት ስታወሩ እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። አያቶቻችን አውሮፕላንን ያወቁት እንዴት ነው? በ1928 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ሲዘንብባቸው ነው። ደሴ ሲደበደብ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመቷል። እነዚህ የምታደንቋቸው ሁሉ ሰው ለመግደል የተሠሩ ናቸው። መስቀላቸው እንደገና ተቀብቶ፣ ሞተራቸው ተወልውሎ፣ ሕዝብ ፈንዲሻ እየበላ ሲያጨበጭብላቸው ትንሽ አይከብዳችሁም?

ደግሞ ማዳን ስትሉ ማን ከማን? ፀሐይን አስታውሱ። በ1935 ጀርመናዊው ኢንጂነር ሉድቪግ ዌበርና ኢትዮጵያውያን አብረው የሠሯት፣ በልዕልቲቱ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን። ትንሽዬ ናት፣ ሰባት ሲሊንደር ያላት ዋልተር ሞተር፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ጣሊያን ወስዶ እዚህ ከሮም ወጣ ብሎ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም አስቀመጣት። ስንት ዓመት ተጮኸ! ጃንዋሪ 30፣ 2024 ነው በይፋ የተመለሰችው። ሰዉ እዚህ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ይኸው በደንብ ጠበቅንላችሁ»። ምስጋና ሁሉ ይጠብቃሉ።

ኤቨረት_ሰፈር፦

መቅዲ፣ ያልሽው ይከብዳል፣ ደግሞም ልክ ነው። ፔይን ፊልድ ያለው ሜሰርሽሚት 109፣ የጀርመን ተዋጊ፣ የተገኘው ፈረንሳይ ውስጥ ካሌ አጠገብ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ነው። ጁላይ 1940 ላይ ተመትቶ ሲወድቅ አብራሪው ሞቷል። በ1988 ሰው በዳርቻው ሲሄድ የብረት ጫፍ አይቶ ነው የተቆፈረው። ተወልውሎ በ2008 በረረ። ሲያዩት ዕቃ ነው፣ ግን ሰው ያለቀበት ነው። እኔ በበኩሌ ከነታሪኩ መቆሙን እመርጣለሁ፣ ማጨብጨቡን ለሚያጨበጭብ ትቼ።

ማን ከማን ላልሽው ደግሞ፣ ከሩሲያ ጫካ የወጡት ብዙዎቹ የወጡት ሶቪየት ስትፈርስ ነው። ሩብል ዋጋ ባጣበት ሰዓት ዶላር የያዘ ደረሰ። ተሰረቁ አልልም፣ ተገዝተዋል። ሻጩ ግን የመደራደር አቅም ነበረው ወይ? አይመስለኝም።

ቦሌ_ታወር፦

መቅደስ፣ አትቆጪኝና አንድ ጥያቄ። ፀሐይ ያኔ ባትወሰድ በየትኛው ሃንጋር ነበር የምትጠበቀው? ጣሊያንን፣ በኛ አቆጣጠር 1966ን፣ ደርግን፣ 1983ን አልፋ?

መቅደስ_ሮማ፦

እሱን አላውቅም። የኔ ነገር ቢሰበርም እቤቴ ይሰበር። መልስ አይደለም ካልክ አይደለም።

ናቲ_ሃሊፋክስ፦

ሰላም፣ ከካናዳ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። እናንተ ከሌላ አገር ስትጠቅሱ ያላነሳችሁት የኛው አለ። የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፋየርፍላይ የሚባሉ የእንግሊዝ ሥሪት አውሮፕላኖች ነበሩት። ከፊሎቹን የገዛቸው ከካናዳ ነው፣ የባሕር ኃይላቸው የነበሩ። አገልግለው ካበቁ በኋላ ሜዳ ላይ ቆመው ቀሩ። በ1990ዎቹ ካናዳውያን መጥተው ሁለቱን ወሰዱ። አንዱ እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሺርዋተር ሙዚየም ነው። ሸጠውልን ከ40 ዓመት በኋላ መልሰው ወሰዱት ማለት ነው።

ጋሼ የጥገና_ሰው፣ እርስዎ እነዚህን አይተዋቸዋል?

የጥገና_ሰው፦

ናቲ፣ እኔ ስገባ እነሱ ቆመው ነበር። ትልልቆቹ የሚያወሩልን ከስዊድን ስለመጡት ሳብ 17ዎች ነው፣ አየር ኃይሉን ያሠለጥን በነበረው ስዊድናዊ በካውንት ፎን ሮዘን ጊዜ። ያኔ መካኒክ የሆኑ ሰዎች ሥዊድንኛ እየሰባበሩ ይሳደቡ ነበር፣ ስድቡን እኛም ለመድነው።

የሞተ አውሮፕላን ሜዳ ጥግ ላይ ሲቆም ክፋት ታስቦ አይደለም። መጀመሪያ ከሱ አንድ መለዋወጫ ይፈታል፣ የሚበረውን ለማስነሳት። ከዚያ ሌላ ይፈታል። ጎማው ይሄዳል፣ ሰዓቶቹ ይሄዳሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ቆርቆሮው ብቻ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ቁራሌው ይጠራል። አንድም ሰው ይጥፋ ብሎ አልወሰነም። የናንተ ቢሊየነርም፣ የሀብቴ አናጢም ያደረጉት ትልቁ ነገር ይህንን መፈታታት አንድ ቦታ ላይ ማስቆማቸው ነው።

መቅደስ ልጄ፣ ፀሐይን በአካል አላየኋትም። አንድ ቀን አያለሁ።

ናቲ_ሃሊፋክስ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሺርዋተር ስሄድ ፎቶ ላነሳልዎት አስቤያለሁ። ምን ምን ላንሳ?

የጥገና_ሰው፦

ከሩቅ ያለውን ተወው፣ እሱ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። መጀመሪያ የመለያ ሰሌዳውን አንሳ። ትንሽ የብረት ሳህን ናት፣ ቁጥር የተመታባት። ቀጥለህ ሠራተኞቹን ጠይቅ፦ ሲያድሱት የድሮውን ቀለም ሲገፍፉ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ አግኝተው ነበር ወይ በላቸው። ማስጠንቀቂያም ሊሆን ይችላል፣ የአንዱ መካኒክ ስምም ሊሆን ይችላል። ካገኙ ፎቶ አንስተው አስቀምጠውት ይሆናል። አዲስ ቀለም ከተቀባበት በኋላ ያ ጽሑፍ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ናቲ_ሃሊፋክስ፦

እሺ ጋሼ። ያገኘሁትን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።